የቆሙልኝ ሽማግሌዎች

እማማ ከቀብር ሲመለሱ ስለ ሟች አያወሩም ነበር። ነጠላቸውን ሳያጥፉ፣ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ፣ «በቤተሰብ ስም ማን ተነሥቶ ያመሰገነ ይመስልሻል?» ብለው ይጀምራሉ። የበኩር ልጅ ከሆነ ንግግሩን ያወጡታል ያወርዱታል፤ የእህት ልጅ ከሆነ «ይሁን፣ ሰው ነበራት ማለት ነው» ይላሉ። በእኛ ሠፈር እድር ቀብር ካለቀ በኋላ ከሟች ወገን አንድ ሰው ተነሥቶ ለቀስተኛውን «እግዜር ይስጥልን» ይላል። እማማ ከሥርዓቱ ሁሉ የሚጠብቁት ያንን ሰው ብቻ ነበር። ልጅ አልወለዱም፤ ባላቸው ከሞቱ ዘመን ሆኗቸዋል፤ በሙሽርነት ሲመጡ ሰሜን ትተውት የመጡት ዘመድ ይኑር ይሙት አያውቁም። «በእኔ ቀን እድርተኛው እርስ በርሱ ሲተያይ ታያላችሁ» ብለው ይስቃሉ። ሳቃቸው እኔን አያስቀኝም ነበር።

እማማ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ያገናኘን ዲላ ውስጥ ያለ አንድ ግቢ ነው። ባጃጅ የማይገባበት ቁልቁለት ወርዶ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ክፍሎች ዙሪያውን የተደረደሩበት፣ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ያለበት ግቢ ነው። ሁለት ዓይነት ሰው ይኖርበታል፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያን፣ እና አርግዘው ወይም ልጅ ታቅፈው ጎዳና ላይ የወደቁ እንደ እኔ ያሉ ገና ልጅ የሆኑ እናቶች። እያንዳንዷ ልጅ ከአንድ አረጋዊ ጋር ትጣመራለች። ክፍላቸው ጎን ለጎን ነው፣ መሃል ለመሃል በር አለው። እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ አሮጊቷ ሕፃኑን ይይዛሉ፤ ስትመለስ ውኃ ትቀዳለች፣ ታጥባለች፣ ታበስላለች። ማን ማንን እንደሚጦር የቤቱ ኃላፊ እንኳ በቅጡ የምታውቅ አይመስለኝም። እኔ የማውቀው ያ ግቢ ባይኖር ልጄም እኔም ዛሬ እንደማንኖር ነው።

የቡሌ ልጅ ነኝ። ከዲላ ሙቀት ወደ ላይ ሲወጣ ቀርከሃውና ጉሙ የሚጀምርበት ብርድ አገር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ በቡና ለቀማ ወቅት፣ ዱመርሶ የምትኖር አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። የልጄን አባት ነገር ባጭሩ ልጨርሰው፣ ከዚያ በላይ ቦታ አይገባውም፤ እዚያ አገኘሁት፣ ማርገዜን ስነግረው የስልክ ቁጥሩን ቀየረ። አባቴ ሲያውቅ አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። በእንሰቱ መሃል ወደ ቤታችን የምታስገባውን መንገድ በዱላው እያሳየ «ይህን መንገድ እርሺው» አለኝ። እናቴ ከበስተኋላው ቆማ ቀሚሷን በእጇ ትጨመድድ ነበር።

መናኸሪያ አካባቢ በረንዳ ላይ ማደር ምን እንደሚመስል አልጽፈውም፤ የኖረው ያውቀዋል፣ ያልኖረውም አይወቀው። አናናስ የምትሸጥ አንዲት ሴት ሆዴን አይታ እጄን ይዛ ወደ ግቢው ወሰደችኝ። የቤቱ ኃላፊ ቁልፍ ከእጇ የማይለይ ቀጭን ሴት ነች። «ሰው ማስታመም ትችያለሽ?» አለችኝ። እችላለሁ አልኳት። «ቁጡ ሰውስ ትችያለሽ?»

«እኔም ቁጡ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲያው ተገናኝታችኋል» አለችና እማማ በር ላይ አደረሰችኝ።

እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፣ ዕድሜዬን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። «ልጅ ልጅ ሊወልድ» ብለው ሬዲዮውን ዘጉት። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን ያልጠበቅሁትን ነው። «ቆጮ ትበያለሽ?»

«ሌላ ምን እበላለሁ?»

«በዚህ ቤት አይገባም። እኔ የዛፍ ሥር አልበላም።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ዲላ ኖረው፣ ባል ቀብረው፣ ጎረቤት ድረው፣ ቆጮ ቀምሰው አያውቁም። እኔ ደግሞ ያለ ቆጮ ሆዴ አይሞላም። የመጀመሪያውን ወር በአንድ በር መሃል ሁለት ምድጃ አንድደን ተኳርፈን አሳለፍን። የእሳቸው ድስት ሲንተከተክ ሽንኩርቱ እንዳይሸተኝ አፍንጫዬን እይዛለሁ፤ የእኔ ሲጋገር እሳቸው በሩን ይዘጋሉ።

ልጄ የተወለደ ሳምንት ግን እማማ አንድ ነገር አደረጉ። ግቢው ውስጥ አብረውን የሚኖሩ አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ አሉ፤ ያገራችን ወግ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው። እማማ «የዚህች ልጅ እናት ብትኖር ምን ታበላት ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌው «ቡላ። ለአራስ የቡላ ገንፎ ነው፣ በቅቤ» አሉ። እማማ ገበያ ሄደው ቡላ ገዙ። አዩት፣ አሸተቱት፣ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ከዚያ ገንፎ አገነፉት። ሳይቀምሱ ስለሠሩት ጨው የለውም፣ ጓጉሏል፣ ከታችም አርሯል። እናቴ የሠራችልኝ ያህል እያለቀስኩ በላሁት። «ምን ያስለቅስሻል፣ ይህን ያህል መጥፎ ነው?» አሉኝ። «አይ፣ ይጣፍጣል» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ልክ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ልጄ የእኛ ልጅ ሆነ። ስንት ሌሊት አቅፈውት እንዳደሩ፣ እኔ ትምህርቴን ሳጠና እሱን እሹሩሩ እያሉ ራሳቸው ስንቴ ቀድመውት እንዳንቀላፉ አልናገርም፤ ውለታ ቆጥሮ የጨረሰ የለም። እኔም በበኩሌ የስኳር መርፌያቸውን ተረከብኩ። ግቢው ማቀዝቀዣ ስላልነበረው መድኃኒቱን የምናስቀምጠው በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ነው። ጠዋትና ማታ እወጋቸዋለሁ። መርፌውን ወስደው ምግብ ከዘገየባቸው ስኳራቸው ድንገት ይወርዳል፤ መጀመሪያ ያልባቸዋል፣ ቀጥሎ ይቆጣሉ፣ ቀጥሎ ይወድቃሉ። የትኛው ቁጣ የበሽታው፣ የትኛው የራሳቸው እንደሆነ መለየት የተማርኩት በብዙ ስድብ ነው። የራሳቸው ቁጣ ቀጭንና የተፈተለ ነው፣ ቃል አይስትም። የስኳሩ ቁጣ ግን ቃሉ ይጠፋዋል። ስለዚህ የትም ብሄድ ቦርሳዬ ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ ስኳር አይጠፋም ነበር።

የቤቱ ደንብ ለአረጋውያኑ እስከ ዕለተ ሞታቸው ነው። ለእኛ ግን ልጁ ጡት ጥሎ ድክ ድክ እስኪል ነው፤ በረንዳ ላይ ሌላ ልጅ ተራዋን እየጠበቀች ነውና አይፈረድባቸውም። የእኔ ጊዜ ሲደርስ ኃላፊዋ ጠራችኝና «ወዴት ትሄጃለሽ?» አለችኝ። በረንዳው ይታየኝ ጀመር። ከበረንዳው ይልቅ ግን የከነከነኝ ሌላ ነው፤ ልጄ አያት እያለው እንደሌለው ሆኖ ሊያድግ ነው። እማማ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «አባቷ ጋ ነዋ የምትሄደው» አሉ፣ ነገሩ ትናንት የተቆረጠ ይመስል።

ግቢው ውስጥ አንድ ልማድ አለ። ሰው ከአባቱ ሲጣላ ሽማግሌ ይልካል፤ እኛ ግን ሽማግሌ የሚልክልን ወገን የለንም። ስለዚህ የግቢው አረጋውያን ራሳቸው ሽማግሌ ሆነው ይሄዱልናል። ብዙውን ጊዜ የሚሄዱት ሁለት ናቸው፤ የጌዴኦው ሽማግሌና ሐጂ። ሐጂ ከሌላ አገር መጥተው ድሮ ገበያው መሃል የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው፣ ድምፃቸው የማይሰማ፣ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይወጣ ሰው ናቸው። በእኔ ጊዜ እማማ ሦስተኛ ካልሆንኩ አሉ።

«ሴት ሽማግሌ አይሆንም» አሉ የጌዴኦው ሽማግሌ።

«እኔ አሮጊት ነኝ። ሴት መሆን ካቆምኩ ቆየሁ» አሉ እማማ። ሐጂ ሳቃቸውን በመቁጠሪያቸው ሸፈኑት። በዚሁ ተስማሙ።

ከመሄዳችን በፊት ሽማግሌው አቮካዶው ሥር ሰብስበውን ሕጉን ነገሩን። አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። «እርጥብ ሳር ይዘን ደጅ ላይ እንቆማለን። ባለቤቱ ‹ተቀመጡ› ይላል፣ አንቀመጥም። ‹ብሉ› ይላል፣ አንበላም። ሳሩን ከእጃችን እስኪወስድ ድረስ ቆመን ነው። ከተቀመጥን፣ ከበላን፣ እንግዳ ሆንን፤ ነገሩ አለቀ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ አንተ ከአጥር ውጭ ትጠብቃለህ። አባትህ ሳይጠራህ ግቢውን እንዳትረግጥ። ከረገጥህ ‹ናቀኝ› ይላል፣ እኔም መመለሻ የለኝም።»

ጠዋት መርፌያቸውን ወጋኋቸው፣ ቁርሳቸውንም በሉ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቡሌ ገብተን፣ ነገሩ አልቆ ይበላሉ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ሌሊቱን ግን ዝናብ ዘንቦ አድሮ መንገዱ ላይ ጭቃው መኪናችንን ያዘው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገፋ፣ ሐጂም በነጭ ጀለቢያቸው ገፉ። የያዝኩትን ዳቦ ለእማማ ስሰጣቸው «ሽማግሌ ሄጄ ጉንጬን በዳቦ ወጥሬ ልገባ ነው?» ብለው መለሱልኝ። ስንደርስ ቀኑ ከግማሽ አልፎ ነበር።

እኔ ልጄን አዝዬ ከጎረቤት አጥር ሥር፣ እንሰቱ መሃል ቀረሁ። በቅጠሎቹ መካከል የአባቴ ደጅ ይታየኛል። ሦስቱ ሽማግሌዎቼ እርጥብ ሳር ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ አንዱ በከዘራ፣ አንዱ በመቁጠሪያ፣ አንዷ በምንም። ያን ጊዜ ያደረብኝን ምስጋና የት እንደማስቀምጠው አላውቅም ነበር። የእኔን አባት ለመለማመጥ ከሦስት አገርና ከሁለት ሃይማኖት የተውጣጡ ሰዎች ጭቃ ረግጠው መጡ፤ አንዳቸውም ምኔም አይደሉም።

አባቴ ቡልኮውን ለብሶ ወጣ። ሳሩን አየ፣ ማን እንደላካቸው ሳይነገረው ገባው። «ግቡ፣ ተቀመጡ፣ አረፍ በሉ» አለ።

«ቆመን ይሻለናል» አሉ የጌዴኦው ሽማግሌ።

«እንግዲያው ከብቶቹን ውኃ አጠጥቼ ልምጣ» አለና ቁልቁል ወረደ። አባቴ ሞኝ አይደለም። ሕጉን እሱም ያውቀዋል። ደክሟቸው ከተቀመጡ እሱ እምቢ ሳይል፣ እነሱም ሳያፍሩ፣ ነገሩ በእንግድነት ያልቃል። እናቴ ሦስት በርጩማ አውጥታ ከኋላቸው ደረደረች። ምግብም ይዛ ወጣች፤ ሁለቱ ሰዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኗት፣ እማማም እንደነሱ አደረጉ። አባቴ አልተመለሰም። ጉሙ ወረደ። የሐጂ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የሽማግሌው ከዘራ መሬት ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳል።

ያን ጊዜ እማማ በነጠላቸው ጫፍ ግንባራቸውን ሲጠርጉ አየሁ። በቡሌ ብርድ የሚያልበው ሰው የለም። ደግሜ አየሁ፤ ጠረጉ። ከዚያ ወደ ጌዴኦው ሽማግሌ ዞረው መቆጣት ጀመሩ። ድምፃቸው እስከ እኔ ይሰማል። «ሳሩ... ያ... ያንን... ምን ነበር... አምጣው አልኩህ» ይላሉ። ቃሉ ጠፍቷቸዋል። ሽማግሌው ምን እንደተፈለገ ግራ ገብቷቸው ሳሩን ከፍ ያደርጋሉ።

ዳቦውም ስኳሩም እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ከገባሁ አባቴ ናቀችኝ ይላል፤ የመጣንበት ነገር እዚያው ያልቃል፣ ልጄም አያቱን እንደናፈቀ ይቀራል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እየሮጥኩ ነው። ልጄ ጀርባዬ ላይ እየተንገጫገጨ ይስቃል፣ ጨዋታ መስሎታል። ግቢውን ስረግጥ እማማ ጉልበታቸው ከዳቸውና ጭቃው ላይ ወደቁ።

ደረቴ ላይ አስደግፌ ስኳሩን በጣቴ ድዳቸው ላይ አሸሁት። እናቴ ከፊቴ ቆማለች። ስንት ዘመን ሳገኛት የምላትን ቃል እያሰናዳሁ ኖሬ፣ ሳገኛት ያልኳት «ውኃ» ነው። ሮጣ አመጣች። ስኳር በጥብጬ በማንኪያ ሰጠኋቸው፤ ትንሽ ቆይቶ መዋጥ ጀመሩ። እናቴ ልጄን ከጀርባዬ ላይ ፈትታ ወሰደችው። አልለመነችኝም፣ አላስፈቀደችኝም፣ ፈታችው ብቻ። ቀና ስል አባቴ ከብቶቹን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

ዓይኑን ከአንዳችን ወደ ሌላችን አዞረ። እማማ መሬት ላይ ናቸው። እኔ ሳልጠራ ገብቻለሁ። ልጄ እናቴ እቅፍ ውስጥ ሆኖ የአንገቷን ጨሌ ይጎትታል። አባቴ በጌዴኦኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ለሽማግሌው «ሴትዮዋ ተቀምጣለች፣ ልጅቷም ሳትጠራ ገብታለች። ከእንግዲህ ምን ቀራችሁ?» አላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ሳሩ እጃቸው ውስጥ ጠውልጓል።

«ምን አለ?» አሉ እማማ ከደረቴ ላይ። ቃላቸው እየተመለሰ ነበር።

ሽማግሌው ተረጎሙላቸው።

«ንገረው» አሉ እማማ። «እኔ ወደቅሁ እንጂ አልተቀመጥኩም። የወደቀን ሰው ተቀመጠ የሚል ሕግ ካላቸው ያሳየኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «አንሺኝ» አሉ።

«እማማ፣ ገና ነው፣ ይቆዩ።»

«አንሺኝ አልኩሽ።» ይህኛው ቁጣ የራሳቸው ነበር፤ ቀጭንና የተፈተለ። አነሣኋቸው። ቀሚሳቸው በጭቃ ተለውሶ፣ ክብደታቸውን ሁሉ ትከሻዬ ላይ ጥለው፣ ከሐጂና ከሽማግሌው መሃል ቦታቸው ላይ ቆሙ። ከመሬት የወደቀውንም ሳር እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰጠኋቸው። የጌዴኦው ሽማግሌ የእማማን ቃል ለአባቴ ሲተረጉሙ ድምፃቸው ወደ ወጣትነቱ የተመለሰ መሰለ። ከጨረሱም በኋላ «ልጅህም እኮ...» ብለው ምሳሌ ሊጀምሩ ሲሉ ሐጂ በቀስታ እግራቸውን ረገጡላቸው። ምሳሌው ለሁላችንም ገብቶን ነበር።

አባቴ ለረጅም ጊዜ እኔን አየኝ። ፊቴን አልነበረም፤ እማማን የደገፈውን ክንዴን ነበር የሚያየው። «ይህች ሴትዮ ምንሽ ነች?» አለኝ። መንገዱን ከከለከለኝ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«ስወድቅ ያነሡኝ ናቸው» አልኩት።

ዱላውን ከአጥሩ ጋር አስደገፈ። መጥቶ ሳሩን መጀመሪያ ከሽማግሌው እጅ፣ ቀጥሎ ከሐጂ፣ በመጨረሻ ከእማማ ተቀበለ። የእማማን ሲቀበል እጃቸውን ትንሽ ይዞ ቆየ። በገዛ እጁም በርጩማውን አቀረበላቸው። «አሁን ነው መቀመጥ» አሉ እማማ፣ ተቀመጡም። እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፣ ከብቶቹ መሃል፣ ማንም ሳያባብለኝ። ሲያለቅሱ አለማባበልም ደግነት ነው፤ አባቴ ያንን ያውቅ ነበር።

እናቴ ትኩስ የቡላ ገንፎ በቅቤ አቀረበች። እማማ ገበታውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ በስኳራቸው ምክንያት ምርጫ እንደሌላቸው ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ጎረሱ። ደገሙ። «እኔ የሠራሁልሽ እንዲህ ነበር?» አሉኝ።

«አይ እማማ።»

«አውቄ ነበር» አሉና ሦስተኛውን ጎረሱ። እናቴ ምን እንደተባለ ሳይገባት ሳቀች።

አባቴ ልጄን ይዤ እንድመለስ ፈቀደ። እኔም በተራዬ ትምህርቴን እስክጨርስ ዲላ እንድቆይ አስፈቀድኩት፤ ክፍሌን ለምትጠብቀው ልጅ ለቅቄ ከግቢው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እማማ «ለእኔ መርፌ ብለሽ ከሆነ ተይው» አሉ። ለእሳቸው መርፌ ብዬ ነበር። ጠዋትና ማታ እየሄድኩ ወጋኋቸው። አባቴ በየገበያው ቆጮና ቡላ ይዞ ይወርዳል፤ ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለግቢው። የእማማን ለብቻው በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ነው የሚያመጣው። ያለ እኔ አስተርጓሚነት አቮካዶው ሥር ተቀምጠው ያወጉ ነበር፤ አባቴ አማርኛው የገበያ ነው፣ እማማ ጌዴኦኛ ጭራሽ አያውቁም፤ ምን እንደሚያወሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጄ በበዓል ቡሌ ወጥቶ ሲመለስ የከብት ጠረን ይዞ ይመጣል። ይህን ሁሉ ያገኘሁት ካልተቀመጡት ሽማግሌዎቼ ነው።

እማማ ያረፉት እኔ በጤና ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለሁ ነው፤ በእርጅና፣ አልጋቸው ላይ፣ ሬዲዮአቸው እንደተከፈተ። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ግቢው ሁሉ አለቀሰላቸው። ቀብራቸው እንዳለቀ የእድሩ ሊቀመንበር አጭር ታሪካቸውን አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ቀና አሉና «በቤተሰብ ስም...» ብለው ቆም አሉ።

ያ ቀን ደረሰ አልኩ። የታጠፈ ወረቀት እኔም ይዤ ነበር፤ ልነሣ ጉልበቴን እየሰበሰብኩ ሳለ ከወንዶቹ መካከል ቡልኮ የለበሰ ሰው ተነሣ። አባቴ ነው። ከቡሌ መምጣቱንም አላወቅሁም ነበር። በዚያ ሙቀት ቡልኮውን አላወለቀም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ይሄ እማማ የእኛ ነው። ለእኔ ልጅ ብሎ ደጄ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ብዙ አቆምኩት። ዛሬ ለሱ እኔ ቆምኩ። የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን።»

እድርተኛው እርስ በርሱ አልተያየም። ሐጂ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሰው ሁሉ በተራ እየመጣ አባቴን እየጨበጠ «እግዜር ያጥናችሁ» አለው፤ ወንበር ቢያቀርቡለትም የመጨረሻው ለቀስተኛ እስኪያልፍ አልተቀመጠም።